ጥሩሐረግ ያሳደሰችው ቤት

በሰቆጣ ወፍጮ ቤቶች ደጃፍ ጥሩሐረግን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ዱቄት ገዝቶ የሚበላ ሰነፍ ነው። ሥራዋ እህል ማበጠር ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም እህል የሞላ ማዳበሪያውን ተሸክሞ አምጥቶ እግሯ ሥር ያራግፋል፤ እሷ ሰፌዷን ከፍ ዝቅ እያደረገች እብቁን ለነፋስ ትሰጣለች፣ ጠጠሩን በሌባ ጣቷ እየለየች ታወጣለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሷ እጅ ያለፈ እህል በልቶ ጥርሱ የተሰበረ ሰው አልተሰማም። «ከእኔ ሰፌድ ጠጠር አምልጦ ያውቃል?» እያለችም ትኮራ ነበር። ትኩራ፤ ሌላ የምትኮራበት ብዙ አልነበራትም። ያን ሁሉ ጠጠር ስትለቅም የኖረች ሴት በአንዲት ቃል መውደቋ ነው የሚያንገበግበው።

የተወለደችው ሰሃላ ነው። መኪና ዛሬም እንደ ልብ የማይገባበት፣ ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ በእግሩ የሚጠያየቅበት አገር ነው። አፏን የፈታችው በኽምጣንጋ ነው፤ የምትጸልየውም፣ የምትቆጥረውም፣ ሲያማት የምታቃስተውም በእሱ ነው። አማርኛን ያገኘችው በሃያ ዓመቷ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ፣ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ አማርኛዋ የሰፌድና የቁና አማርኛ ነው፤ «ጨምሪበት»ን፣ «ቀንሽልኝ»ን፣ «እግዜር ይስጥልኝ»ን አሳምራ ታውቃለች። የቢሮ አማርኛ ግን ሌላ ነው። የቢሮ አማርኛማ እንኳን ለእሷ ለጎንደሬውም ባዕድ ነው።

ባሏ ምንዋጋው የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበር። ስድስት ቤቶች ጎን ለጎን ከተደረደሩበት መደዳ ውስጥ ሦስተኛዋን፣ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ያላትን የጭቃ ቤት ከቀበሌ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ጥሩሐረግንም ያገባው እዚያው ነው። በመካከላቸው ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ወረቀት ያለበት ሥራ የምንዋጋው፣ ጭቃ ያለበት ሥራ የጥሩሐረግ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ እሷ ትመርጋለች፤ የቤቱ ውል አምስት ዓመት ሲሞላው እሱ ኮቱን ለብሶ ቢሮ ይሄድና ፈርሞ ይመጣል። እዚያ ሄዶ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። እሱም ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ ጠይቋት አያውቅም። ተስማምተው ኖሩ።

ሦስት ወልዳ ሁለቱን በሕፃንነታቸው ቀበረች። የቀረላት አማረ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ልጁ እስኪጎረምስ ድረስ ትንፋሹን ስትቆጥር ኖረች። አድጎ የብየዳ ሥራ ለመደ፤ ቁመቱም ከአባቱ በለጠ። የሚተኛው ጓዳ ነበርና ጠዋት ጠዋት ዓይኑን እያሸ ወጥቶ «እማዬ፣ ይቺ ጓዳ እኮ መቃብር ናት። መስኮት እንኳ ይኑራት እንጂ!» ይላታል። እሷም «ቆይ ትንሽ» ትለዋለች። ቆይ ትንሽ ስትል ዓመቱ አለፈ።

ጦርነቱ ሰቆጣ የገባ ክረምት አማረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ከተማውን ለቆ ሲወጣ እሱም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወጣ። ምንዋጋው ጉልበቱን ታሞ መራመድ አይችልም፤ እሷ ባሏን ጥላ አትሄድም። በሩ ላይ ቆማ ልጇን አገላብጣ ሳመችና «እኛ ከዚች በር ንቅንቅ አንልም። በመጣህ ጊዜ እዚሁ ታገኘናለህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አንዱ መተማ አየሁት አለ። ሌላው ሱዳን ተሻግሯል አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል አንገቱን ደፋ፤ እሱን ሁለተኛ አላናገረችውም። እቤታቸው ስልክ ኖሮ አያውቅም፣ ዛሬም የለም። አማረ የሚያውቀው ቁጥር የለውም፤ የሚያውቀው ያንን በር ነው።

ምንዋጋው ልጁን ሲጠብቅ ሞተ። መደዳውም ተቀያየረ፤ ከስድስቱ ቤት አምስቱ አዲስ ሰው ገባባቸው፣ አማረ የሚባል ልጅ እንደነበረ የሚያውቅ ጎረቤት ጠፋ። ጥሩሐረግ ግን ቃሏን ጠበቀች። ከወፍጮ ቤት ቤቷ፣ ከቤቷ ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ የራቀ መንገድ አትሄድም። ሰሃላ ያለችው እህቷ ስትሞት እንኳ ለቅሶ አልደረሰችም። ዘመድ ቂም ያዘባት። ምን ታድርግ? መንገዱ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ነው። በአራት ቀን ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ አንኳኩቶ ሰው አጥቶ ቢመለስስ?

ዘንድሮ በግንቦት አጋማሽ ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ በመደዳው በኩል አለፈች። ጥሩሐረግ ከቦኖ የቀዳችውን ውሃ ከጀርባዋ አውርዳ ጆሮዋን አቀናች። ባጃጇ ድንጋዩ ላይ እየዘለለች፣ ሞተሯ እያጓራ፣ የንግግሩን ግማሽ ዋጠችው። ለጥሩሐረግ የደረሳት ይህ ብቻ ነው፦

«...የመንግሥት ቤት ተከራዮች በሙሉ... እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ እንድታሳድሱ... ያላሳደሰ ቤቱን ይለቃል!... ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ ያያል...»

ማሳደስ! ቃሉን እንዴት አታውቀው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ «ለማሳደሻ» ተብሎ ሲለመን ዶሮዋን ሰጥታለች፤ ታድሶ ሲያልቅም ከሴቶቹ ጋር እልል ብላለች። ማሳደስ ማለት የፈረሰውን መጠገን፣ የተሰነጠቀውን መምረግ ነው። ቀና ብላ የራሷን ግድግዳ አየች። ሆዱ ተነፍቷል፣ ከሥሩ ምስጥ በልቶታል፣ ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። መንግሥት እውነቱን ነው አለች። እንዲህ ያለ ቤት ይዤ ብነጠቅ ምን ይፈረድልኛል?

ሞኝም አልነበረችም፣ አጣራች እንጂ። ጎረቤቷ ብርሃነሽ ደጇ ላይ ልጇን ታጥብ ነበር።

«ብርሃነሽ፣ ሰማሽ? አሳድሱ አሉ እኮ!»

«ሰማሁ እትዬ ጥሩሐረግ። እኔማ ባለፈው ሳምንት አሳድሼ ተገላገልኩ።»

ጥሩሐረግ ዞር ብላ የብርሃነሽን ግድግዳ አየች። ለሕፃኗ ክርስትና የተቀባው ኖራ ገና ቦግ ብሎ ያበራል። እውነትም አሳድሳለች።

«ይከብዳል?»

«ምን ይከብዳል እትዬ! በግማሽ ቀን ያልቃል።»

ኖራ ብቻ ለቀባ ሰውማ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ የእኔው ግን ወር ይፈጃል ብላ በሆዷ አሰበች። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሴቶች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተነጋግረው በሰላም ተለያዩ። ብርሃነሽ በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ደረቷን ትመታለች፤ ግን ምን አጠፋች? የተጠየቀችውን መለሰች።

ያን ወር ጥሩሐረግ ወፍጮ ቤት አልሄደችም። ከከተማው ዳር ካለው ገደል ቀይ አፈር ቆፍራ በጀርባዋ አመላለሰች። ጭዱን ከአውድማ ለምና አመጣች። ውሃውን ከቦኖ ተሰልፋ ቀዳች፤ ሰልፉ ላይ «ደግሞ ስንት ልትቀጂ ነው?» እያሉ ሲያጉረመርሙባት «መንግሥት አሳድሱ ብሎን» ትላለች። ጭቃውን በእግሯ ረገጠች፣ አቦካች፣ ደግማ ረገጠች። አናጺው ምትኩ ምስጥ የበላቸውን ቋሚዎች ነቅሎ በወይራ ተካላት፤ ለድካሙ የዓመት እህሉን ልታበጥርለት ቃል ገባች። የተነፋውን ግድግዳ ራሷ ናደችው፣ ራሷ አቀናችው። ቆርቆሮው ላይ ወጥታ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈነች፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መሰላል ላይ ሲያዩዋት የሰፈሩ ሴቶች እየጮሁ «ኧረ ውረጂ!» ይሏታል። መጨረሻ ላይ ጓዳዋ ውስጥ ቆመችና ለምትኩ በጣቷ አሳየችው።

«እዚህ ጋ ቅደድልኝ። መስኮት።»

«መስኮት ደግሞ ለምኑ ነው እትዬ ጥሩሐረግ?»

«ልጄ ሲመጣ መቃብር ውስጥ አይተኛም።»

ሥራው ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን አለቀ። ማዶ ተሻግራ ቆማ ቤቷን አየች። ደስ አላት፤ ከአራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። በሩን ግን ሆን ብላ አልነካችውም፤ ሁሉን ነገር ቀይራ ልጇ እንዳይስት ፈርታ ነው። ሰኔ ሠላሳም መጣ። ቀኑን ሙሉ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ ኮሚቴውን ደጇ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የቀበሌው ቢሮ ከቤቷ ጥቂት እርምጃ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር፤ ሰው እየገባ ይፈርማል፣ እየፈረመ ይወጣል። እሷ ኮሚቴው ሲመጣ ሰው እንዳያጣ ብላ ከደጇ አልተነሣችም።

ኮሚቴው የመጣው ሐምሌ ስምንት ቀን፣ ዝናቡ አባራ ሲል ነው። መዝገቡን የያዘው ይሄይስ ይባላል፤ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ፣ አንደበተ ጥሩ ወጣት ነው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? አሳድሰዋል?»

«አሳድሻለሁ ልጄ! እንዴታ! እግዜር ይመስገን።»

«ጥሩ። እስቲ ያሳደሱበትን ያሳዩኝ።»

ጥሩሐረግ እጁን ይዛ አስገባችው። «ይኸው። ይኸ ወድቆ ነበር። ይኸም ወድቆ ነበር። ንካው፣ ንካው እንጂ! ድንጋይ ሆኗል። ይኸ ቋሚ ወይራ ነው፣ ምስጥ አይበላውም። ና ደግሞ ጓዳውን እይ።»

ይሄይስ ግድግዳውን ነካ። መጀመሪያ የምትቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«እማማ፣ ቤቱ መልካም ነው። እኔ ያልኩዎት ወረቀቱን ነው። ውሉን።»

«የቱ ውል?»

«የኪራይ ውሉን። እንዲያሳድሱ የተባሉት ውሉን ነው፣ ቤቱን አይደለም።»

«ቤቱን አይደለም?»

«አይደለም እማማ።» መዝገቡን ገለጠ። «ውሉ ያለው በአቶ ምንዋጋው ስም ነው። እሳቸው ሞተዋል። ውሉም ሰኔ ሠላሳ አልቋል። እስከዚያ ቢመጡ በእርስዎ ስም ይዞር ነበር።» ከዚያ ዓይኑ ጓዳው ውስጥ በገባው ብርሃን ላይ አረፈ። «ይህን መስኮት ማን ፈቀደልዎት?»

ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስና መቅደድ በውሉ ላይ የተከለከለ ነው። ምንዋጋው ያን አንቀጽ በየአምስት ዓመቱ ፈርሞበታል፤ ጥሩሐረግ አንድ ጊዜም አልሰማችውም። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ኽምጣንጋ ነው። በገበያ የለቀመችው አማርኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሏት ሸሸ። በቋንቋዋ ለይሄይስ ነገረችው፤ ልጇን ነገረችው፣ በሩን ነገረችው፣ ቃሏን ነገረችው። እሱ አንዲቱም አልገባችውም። ብርሃነሽ በር ላይ ቆማ ራሷን ይዛ «ኧረ እኔ ውሉን ማለቴ ነበር! ኧረ ውሉን!» ትላለች። ይሄይስ አቀርቅሮ መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ «ቤቱ ታድሷል። ውሉ አልታደሰም።»

በማግስቱ ጥሩሐረግ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ ከሚጽፉት ከመሪጌታ አሥራተ ማርያም ዘንድ ሄደች። መሪጌታ ኽምጣንጋ ያውቃሉ። ስለዚህ ቁጭ ብላ ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰው ከአነጋገሩ ይፈረድበታል ሲባል ሰምቻለሁ፣» አሉ። «አንቺ ግን ከአሰማምሽ ተፈረደብሽ።»

ጻፉላት። ባሏ ስንት ዓመት እንደከፈለ፣ ቤቱን በጉልበቷ እንዳቆመችው፣ በቋንቋ ምክንያት እንደተሳሳተች፣ ሁሉንም በቢሮ አማርኛ አሳመሩት። አንብበው ሲጨርሱ ጥሩሐረግ ጠየቀቻቸው።

«ልጄን ጻፉት?»

«ልጅሽ ለዚህ ጉዳይ ምን ይሠራል? ሕጉ ልጅ አያውቅም።»

«ይጻፉልኝ መሪጌታ። ሌላውን ቢሰርዙት ግድ የለኝም።»

ከታች በኩል፣ ፊርማው አጠገብ፣ ጠበብ አድርገው ጻፉት።

ከዚያ የቢሮ ምልልስ ሆነ። ሰኞ ይምጡ ይሏታል፤ ሰኞ ስትመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ ይምጡ ይሏታል፤ ሐሙስ መብራት የለም። በዝናብ ሄዳ በዝናብ ትመለሳለች። ወፍጮ ቤቱም አልጠበቃትም። ባለቤቱ እሷ በጠፋችበት ወር እህል የሚያበጥር ማሽን አስመጥቶ፣ ሰፌድ የያዙትን ሴቶች ሁሉ አሰናብቷል። ያንን ስትሰማ እንኳ ሐሳቧ ሁሉ በሯ ላይ ነበር።

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል ኃላፊው አስገቧት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበር ሰጧት፤ ማመልከቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጠባቡን ጽሑፍ ጭምር አነበቡት።

«እማማ፣ ኮሚቴው ወስኗል። ቤቱ ለመንግሥት ሠራተኛ ተሰጥቷል። ከጳጉሜን በፊት ይለቃሉ።»

«ያላሳደስኩት እኔ ብቻ ነኝ ጌታዬ?»

ኃላፊው እውነቱን ነገሯት፤ ባይነግሯት ይሻል ነበር።

«ሌሎች ሁለት አሉ። የእነሱ ቤት ግን ያረጀ ነው፣ ለማንም አይሆንም። አስጠንቅቀን ውላቸውን አሳደስንላቸው። የእርስዎም ቤት ድሮ ከእነሱ ጋር ‹ይፈርሳል› ከሚባሉት ውስጥ ነበር። አሁን ኮሚቴው ሲያየው ለሠራተኛ መኖሪያ የሚበቃ ሆኖ አገኘው። ነርሶች ተመድበው መጥተው ቤት የላቸውም...»

እንግዲህ ይህን ፍርድ ማን ይሸከመዋል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሷን የናቃት ግን የለም፣ ሁሉም «እማማ» እያለ ነው ያፈናቀላት። ጎጆዋ እንደጎበጠ፣ ጣሪያዋ እንዳፈሰሰ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬም እዚያው በኖረች። የቆፈረችው አፈር፣ የረገጠችው ጭቃ፣ የቀዳችው ውሃ ሁሉ እሷኑ ገፍቶ አስወጣት።

ጥሩሐረግ ከወንበሩ ተነሣች። ዓይኗ በራ።

«እንግዲያው ላፍርሰው!»

«ምን አሉኝ?»

«እኔው ነኝ የሠራሁት ጌታዬ። በሁለት ቀን እንደነበረ አደርገዋለሁ። ቋሚውን እነቅላለሁ፣ ግድግዳውን አጎብጠዋለሁ። መስኮቱን ዛሬውኑ እደፍናለሁ። ለማንም አይሆንም። ያን ጊዜ ይተውልኛል።»

«እማማ፣ እንዳያደርጉት! የመንግሥት ንብረት በማፍረስ ይከሰሳሉ፣ ይታሰራሉ።»

መሬት ላይ ወድቃ ለመነች። ኃላፊው ደንግጠው አነሷት፤ ሌላ ሰው ጠርተው አስወጧት።

እቤቷ እንደደረሰች ዶማዋን አነሣች። ትታሰር፤ ከታሰረች ወዲያ ደግሞ ትፈታለች፣ የፈረሰውን ቤት ግን ማንም አይወስድባትም። የውጩ ግድግዳ ፊት ቆማ ዶማውን ከራሷ በላይ አወጣችው። ዝናቡ ያካፋል። ምርጊቱ ለስልሶ የእጇ አሻራ እዚህም እዚያም ይታያል። አንድ ብትመታው ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይናዳል። ዶማው አየር ላይ እንዳለ ግን አንድ ነገር ታያት። አማረ ነገ ቢመጣስ? ከነገ ወዲያስ? መጥቶ ግድግዳው ተንዶ፣ ጣሪያው ወድቆ፣ እናቱ ታስራ ቢያገኝ ምን ይላል? በጦርነቱ አልቀዋል ይላል። ሁለቱም ሞተዋል ብሎ እርሙን አውጥቶ ይመለሳል። ሁለተኛ አይመጣም። ዶማው ከእጇ ወደቀ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ በኽምጣንጋ አለቀሰች። ብርሃነሽ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አንዲት ቃል መናገር ፈርታ አብራት በዝናብ ራሰች።

ጳጉሜን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ባጃጅ መጣች። ይሄይስ ቀድሞ ወረደ። ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፤ ሰርካለም ትባላለች፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ቤቱን አይታ ደስ አላት። ከዚያ በሩ ላይ ሁለት ጆንያ፣ አንድ ድስትና አንድ ሰፌድ አቅርባ የቆመችውን ሴት አየች።

«ሰው አለበት እንዴ?» ብላ ወደ ይሄይስ ዞረች። «አዲስ ቤት ነው አላችሁኝ እኮ!»

ይሄይስ መሬት መሬት አየ። ሰርካለም ነገሩ ሲገባት ፊቷ ልውጥ አለ። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«እማማ፣ ጓዳው ለእርስዎ ይሁን። እኔ አንዱ ክፍል ይበቃኛል። አብረን እንኖራለን።»

ጥሩሐረግ ቀና አለች። ለአንዲት ቅጽበት ነፍሷ ተመለሰች። ይሄይስ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ደባል ማስገባት በውሉ ተከልክሏል። ኮሚቴው ካየ አንቺም ትለቂያለሽ።»

ሰርካለም ትናንት የተቀጠረች ልጅ ናት። አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ ጥሩሐረግ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ የልጅቱ መዳፍ ውስጥ አኖረችው፤ እጇንም አልለቀቀችም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አንድ ልጅ ይመጣል። ረዥም ነው፣ አማረ ይባላል። ያንኳኳል። ‹የለችም› ብለሽ እንዳትመልሺው። ‹የለችም› ካልሽው ሞታለች ይላል። ግባ በይው። ውሃ ስጪው። እናትህ በሕይወት አለች በይው።»

«እሺ እማማ፣» አለች ሰርካለም፤ እንባዋ ወረደ። «አስገባዋለሁ። በእግዚአብሔር አስገባዋለሁ።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ እንዳትረሳው ልትጽፈው ነው። «አማረ። እሺ። የት ናቸው ብዬ ልንገረው?»

ጥሩሐረግ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ወፍጮ ቤት እንዳትል ወፍጮ ቤቱ ማሽን ገብቶበታል። መሪጌታ ዘንድ እንዳትል መሪጌታ አርጅተው፣ ጽጽቃ ከተማ ያለ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ጓዛቸውን አስረዋል። ብርሃነሽ ዘንድ እንዳትል የብርሃነሽም ውል ደባል ይከለክላል። ሰሃላ እንዳትል የእህቷ ቤት በሰው ተይዟል። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር እንኳ አታውቅም። ሰርካለም ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«እንጃ፣» አለች ጥሩሐረግ። «እንጃ ልጄ።»